በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ

በአሮጌ ፒካፕ ጋቢና ውስጥ መሀል ላይ የሚቀመጥ ሰው ጉልበቱን የት እንደሚያደርግ ማወቅ አለበት። ጋቢናው ለሁለት ሰው ተሠርቶ ሦስት ሰው የሚጫንበት ነው። የማርሹ ዘንግ ከወለሉ የሚወጣው በሾፌሩ ቀኝ እግርና በመሀለኛው ተሳፋሪ ግራ ጉልበት መካከል ነው። ሾፌሩ ሁለተኛ ሲያስገባ ዘንጉ ወደ ኋላ ይመጣል፤ ጉልበት መሸሽ አለበት። አራተኛ ሲያስገባም እንዲሁ። ይህን በዝርዝር የምናገረው ማስረዳት ስለምወድ ነው ብትሉ አልክድም። ግን ሌላም ምክንያት አለኝ፤ የምነግራችሁ ታሪክ በሙሉ የተንጠለጠለው በዚያች አንድ ስንዝር ቦታ ላይ ነው።

ያኔ ጅማ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ያደግኩት ደብረ ብርሃን ሲሆን ጅማ የመጣሁት ፊዚክስ ላስተምር ተመድቤ ነው። መንደራ ቆጪ ሰፈር፣ በአባ ቦራ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። አባ ቦራ ዕድሜያቸው ሃምሳን ያለፈ፣ ረጅምና ቀጭን የቡና ነጋዴ ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ ይባላሉ። የሳምንቱን ሥራዬን በሰዓት ከፋፍዬ፣ በሦስት ቀለም ጽፌ በሬ ላይ እለጥፍ ስለነበር እትዬ ዘሃራ ባዩኝ ቁጥር፣ “ቲቸር፣ ዛሬ መሳቅ ስንት ሰዓት ላይ ነው የተጻፈው?” ይሉኛል።

ልጃቸው ኢክራም ተማሪዬ ነበረች። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ፣ አሥራ ስምንት ዓመት በሞላት ክረምት የመንጃ ትምህርት ቤት ገባችና በመስከረም መንጃ ፈቃድ አወጣች። አባ ቦራ ደግሞ በዚያው ዓመት ቀኝ ጉልበታቸው ረጅም መንገድ አልችል ብሏቸው፣ ለቡናው ወራት ሾፌር ሊቀጥሩ እያሰቡ ነበር።

“ሾፌር ቤት ውስጥ እያለ ሾፌር ይቀጠራል?” አለቻቸው አንድ ቀን።

“መንጃ ፈቃድ ወረቀት ነው” አሉ አባ ቦራ።

“እሺ፣ ወረቀቱን ወደ ሥራ እንለውጠው።”

እንዲህ ተጀመረ። ለስድስት ሳምንት ያህል፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ አባትና ልጅ በፒካፑ ወደ ጅሬን ዳገት ይወጣሉ። አባ ቦራ ዳገቱ መሀል ላይ ያስቆሟትና ወርደው ከኋላ ጎማው ሥር ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ያስቀምጣሉ። ኢክራም ስትነሣ መኪናው ወደ ኋላ ከተንሸራተተ ጠርሙሱ ይጮኻል። ከጮኸ እንደገና። የመጀመሪያው ሳምንት ጠርሙስ ጨረሱ። በሦስተኛው ሳምንት ያው አንድ ጠርሙስ ሳይጨፈለቅ ወደ ቤት ተመለሰ። እትዬ ዘሃራ አጥበው ዘይት ጨመሩበት።

እትዬ ዘሃራ መንዳት አይችሉም፤ ድርሻቸው ስልኩ ነበር። ኢክራም ቁልፍ ከማንሣቷ በፊት ስልኳን ለእናቷ ታስረክባለች። እናትየው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ “አሁን ሂጂ” ይሏታል። አባ ቦራም ሳይነሡ በፊት መኪናውን አንዴ ይዞራሉ፤ አራቱንም ጎማ በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጋሉ፤ ጎንበስ ብለው ከሥር ያያሉ፤ “ቢስሚላህ” ብለው ይገባሉ። ኢክራምም ልክ እንደሳቸው ትዞራለች፣ ትመታለች፣ ታጎነብሳለች። ጎማ የምትመታበት እጅ እንኳ የአባቷ ዓይነት ነው። ያን ጊዜ ይህ በጣም ያስደስተኝ ነበር። ልጅ ከአባቱ ሲማር የተባለውንና ያልተባለውን እንደማይለይ አላሰብኩም።

ኅዳር ላይ አባ ቦራ ልጃቸውን የሚፈትኑበት ቀን ተቆረጠ። ቅዳሜ አጋሮ ደርሳ፣ ከአባ ቦራ ወንድም ቤት ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ጭና ትመለሳለች። መኪናው፣ ቡናውና አባቷ ምንም ሳይሆኑ ቤት ከገቡ ቁልፉ እስከ ወራቱ መጨረሻ የእሷ ነው። ካልሆነ ሰኞ ጠዋት ሾፌር ይመጣል። ሰውየውም ተነግሮት ይጠብቃል።

“ቲቸር፣ አንቺም አብረሽ ሂጂ” አሉኝ እትዬ ዘሃራ ዓርብ ማታ። “አንቺ የተማርሽ ነሽ። እሳቸውም ቢሳሳቱ፣ እሷም ብትሳሳት ትነግሪያቸዋለሽ።”

መኪና ነድቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። ሆኖም ማንም እንዲህ አምኖ ዳኛ አድርጎኝ ስለማያውቅ ደስ አለኝ። የሩብ ዓመቱን የፈተና ወረቀት በቆዳ ቦርሳዬ ሞልቼ፣ ሦስት ቀለም እስክሪብቶዬን ይዤ መሀል ላይ ተቀመጥኩ። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ በፕሮግራሜ ላይ አልነበረም።

መሄጃችን ያማረ ነበር። ከከተማው እስክንወጣ ባጃጆቹ እንደ ንብ ከየአቅጣጫው ይገቡባታል፤ ኢክራም አንዴም አልተናደደችም። አንዱ የባጃጅ ሾፌር አጠገባችን ሲቆም አንገቱን አውጥቶ፣ “እህት፣ ወንበሩ ከፍ ይበልልሽ? መንገዱ ይታይሻል?” አላት።

“አንተን እንዳላይ ነው ዝቅ ያልኩት” አለችው። አባ ቦራ ከት ብለው ሳቁ።

ከከተማው ከራቅን በኋላ መንገዱ ወደ አንድ ወንዝ ሸለቆ ይወርዳል፤ ከዚያ በጠባብ ድልድይ ተሻግሮ በማዶው ዳገት ይወጣል። ከአፋፉ ላይ ስንደርስ ኢክራም ፍጥነቷን ቀነሰችና፣ “በሁለተኛ ልውረድ? አሠልጣኛችን ‘በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ’ ይል ነበር” አለች።

“አሠልጣኝሽ ለናፍጣ ተሰልፎ ያውቃል?” አሉ አባ ቦራ። እሳቸው ከአንድ ቀን በፊት ከጎህ ጀምረው ተሰልፈው ነው የቀዱት። “ዜሮ አድርጊው፣ ኢንታላ ኮ። ቁልቁለቱ በነፃ ይውሰደን።” ኢንታላ ኮ ማለት ልጄ ማለት ነው፤ አባ ቦራ ሲፈቅዱም ሲቆጡም የሚሉት ይህንኑ ነው።

ዜሮ ማድረግ ማርሹን ከሞተሩ ማላቀቅ ነው። መኪናው በራሱ ክብደት ይንከባለላል፣ ሞተሩ ያንቀላፋል፣ ናፍጣ ይቆጠባል። በእኛ አካባቢ ስንትና ስንት ሾፌር እንደሚያደርገው ከዚያ በኋላ ነው ያስተዋልኩት። ኢክራም አባቷን አየች፣ እኔን አየች።

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ይህን ጽሑፍ አላቀርብላችሁም ነበር።

“ልክ ናቸው” አልኩ። “አቀበቱን ስንወጣ የከፈልነው ኢነርጂ ነው የሚመለስልን። እንዲያውም ጥያቄ ቁጥር ስድስት ላይ ያወጣሁት ይህንኑ ነው።” ቦርሳዬን መታ መታ አደረግኩ።

“ዜሮ!” አሉ አባ ቦራ እንደ ሕፃን ድምፃቸውን አቅጥነው። ኢክራም ሳቀችና ዘንጉን ነቅላ መሀል ላይ አቆመችው። የቆየ ጨዋታቸው እንደነበር ገባኝ። መኪናው በጸጥታ ወረደ። ነፋሱ ብቻ ይሰማል። ባዶ ስለነበርን ፍሬኑ ሲነካ ወዲያው ይታዘዛል።

“ቲቸር፣ ስንመለስ ግን ጭነት አለ” አለች ኢክራም ድልድዩን ተሻግረን ስንወጣ። “አይፈጥንም?”

“አይፈጥንም!” አልኩ፣ ጥያቄው ራሱ አስደስቶኝ። “ይህን ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። ሰበቃን ከተውነው ከባዱም ቀላሉም እኩል ነው የሚወርደው። ክብደት ከቀመሩ ይጠፋል።”

“ሰማሽ?” አሉ አባ ቦራ። “ይጠፋል።”

ኢክራም ጥያቄዋን አልደገመችም። አስተማሪዋና አባቷ ተስማምተዋል፤ ሌላ ማንን ትጠይቅ?

አጋሮ ላይ የአባ ቦራ ወንድም በምሳ አቆዩን። አሥራ አራት ጆንያ ተጫነ። የመኪናው ኋላ ዝቅ ሲል አባ ቦራ ዞረው ጎማዎቹን መቱ፤ ኢክራምም ተከትላ መታች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ተነሣን። ዝናብ ጥቂት አካፍቶ አቁሟል፤ አስፋልቱ ያበራል። እኔ ወረቀቶቼን አውጥቼ ማረም ጀመርኩ።

የወንዙ ሸለቆ ጋ ስንደርስ፣ አሁን ከማዶው በኩል፣ ኢክራም ሳትጠይቅ ዜሮ አደረገችው። አባ ቦራ ፈገግ አሉ። እኔም ማርሹ ከእንግዲህ እስከ ድልድዩ እንደማይንቀሳቀስ አሰብኩና የቆዳ ቦርሳዬን ከጉልበቴና ከዘንጉ መካከል አቆምኩት። ለወረቀቶቹ ጥሩ መደገፊያ ሆነ።

ጥያቄ ቁጥር ስድስት እንዲህ ይላል፦ ሁለት ሺህ ኪሎ የሚመዝን መኪና ሰበቃ በሌለበት ቁልቁለት ከሃምሳ ሜትር ከፍታ ቢወርድ፣ ታች ሲደርስ ፍጥነቱ ስንት ይሆናል? መልሱ በሴኮንድ ሠላሳ አንድ ሜትር ከምናምን ነው። ትክክል፣ ትክክል፣ ስህተት፣ ትክክል እያልኩ እወርዳለሁ።

“ቲቸር፣ ምን ይሸታል?” አለች ኢክራም።

“ሰው ጎማ እያቃጠለ ይሆናል” አልኩ ቀና ሳልል።

አባ ቦራ መስኮቱን አወረዱ። አሸተቱ። ፊታቸው ተለወጠ።

“የፍሬን ሸራ ነው። ኢክራም፣ ፍሬን ረግጠሻል እንዴ?”

“ከላይ ጀምሮ። ካልረገጥኩት እኮ ይሄዳል!”

“ልቀቂና እንደገና ርገጪ።”

ለቀቀች። መኪናው የተፈታ ያህል ወደፊት ተወነጨፈ። እንደገና ረገጠች። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሰመጠ።

“አባዬ፣ አይዝም” አለች። ድምፅዋ ትንሽ ነበር።

ቀና አልኩ። ከታች ድልድዩ ይታያል። የቅዳሜ ገበያ ቀን ነው፤ ሰው አህያውን እየነዳ፣ ሴቶች ዘንቢል ተሸክመው ድልድዩን ሞልተው ይሻገራሉ። ከወዲያ ማዶ የተጫነ አይሱዙ ወደ ድልድዩ እየተቃረበ ነው። ለሁለት መኪና ቦታ የለም። እኛ ደግሞ እየፈጠንን ነው።

“የእጅ ፍሬኑን!” አሉ አባ ቦራ። “አይ፣ ተዪው፣ ይገለብጠናል! ቶሎ ቶሎ ርገጪው! ሱታ! ቀስ በይ! ያ ረብ! ክላክስ ንፊ!”

“ተረጋጊ ኢክራም!” አልኩ እኔ። “ፍሬኑ አልተበላሸም እኮ፤ ኢነርጂው ወደ ሙቀት ተለውጦ ሸራው ስለጋለ ነው፣ ሲግል ደግሞ ሰበቃው...”

እያስረዳሁ ነበር። ቁልቁል እየወደቅን፣ ሰው ወደሞላበት ድልድይ እየሄድን፣ ማስረዳት ላይ ነበርኩ። ክብደት ከቀመሩ ጠፍቶ የት እንደሚገባ የገባኝም ያኔ ነው፦ ፍሬኑ ውስጥ። አሥራ አራቱም ጆንያ እዚያ ገብቷል።

“ዝም በሉ!” አለች ኢክራም።

አባ ቦራ አሁንም “ክላክስ! ክላክስ!” እያሉ ነበር።

“ሁለታችሁም ዝም በሉ!”

ዝም አልን። በዚያ ቤት ልጅ አባቷን እንዲህ ብላ አታውቅም፤ በእኔም ክፍል ተማሪ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ጋቢናው ውስጥ የነፋሱ ድምፅ ብቻ ቀረ። ኢክራም ፍሪሲዮኑን ረገጠች፣ ነዳጅ ሰጠች፣ ዘንጉን ወደፊት ገፍታ ሦስተኛ ላይ አስገባችው። ሞተሩ ጮኸ። ሦስታችንም ወደ መስታወቱ ተገፋን። ፍጥነቱ ቀነሰ፤ ግን አልበቃም። አሁን ሁለተኛ ያስፈልጋታል፤ ሁለተኛ ደግሞ ወደ ኋላ ነው። ሳበችው። ዘንጉ ከቦርሳዬ ጋር ተጋጭቶ ቆመ።

“ቲቸር፣ ቦርሳሽ!”

ቦርሳው ተቀርቅሯል። ጎተትኩት፤ አልወጣም። የሩብ ዓመቱ ሥራዬ፣ በፊደል ቅደም ተከተል የተደረደረው ወረቀት አብዛኛው እዚያ ውስጥ ነው፤ ማሰሪያው ይበጠስ እንደሆነ ለአንድ ቅጽበት አሰብኩ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ከዚያ በሁለት እጄ ነቅዬ ወደ ላይ ወረወርኩት። ወረቀቱ በጋቢናው ሙሉ ተበተነ። ኢክራም ዘንጉን ወደ ኋላ አመጣችው። ሁለተኛ ገባ። ሞተሩ ከሦስተኛው የባሰ አጓራ፤ መኪናውን ከሥሩ አንድ ነገር የያዘው መሰለ።

በስተቀኝ፣ ከድልድዩ በላይ፣ ከአስፋልቱ የሚገነጠል ጠጠር መንገድ አለ፤ ወደ አንድ ቡና ማስጫ የሚወጣ ዳገት ነው። ስንሄድ አላየሁትም። ኢክራም ግን አይታዋለች። መሪውን ቀስ ብላ ወደዚያ አዞረች፤ በድንጋጤ አልጠመዘዘችውም። ጠጠሩ ከሥራችን ተንጫጫ፣ ጆንያዎቹ ተላተሙ፣ ዳገቱ ያዘን። ቁልቁለቱ የሰጠንን ዳገቱ ተቀበለን። እየቀነስን፣ እየቀነስን ወጣን። መኪናው ሊቆም ሲል ኢክራም የእጅ ፍሬኑን ሳበች። ቆምን።

ከታች አይሱዙው ድልድዩን አልፎ በእርጋታ ሽቅብ ወጣ። ሾፌሩ ምንም አላየም። አህዮቹም ዞር ብለው አላዩንም።

አባ ቦራ በሩን ከፍተው ወረዱ። ወደ መሪው በኩል ዞረው በመስኮት እጃቸውን ዘርግተው ቁልፉን ነቀሉ። ኪሳቸው ከተቱት።

የኋላና የፊት ጎማዎቹ ይጨሳሉ። ቡና ከሚለቅሙት ሴቶች ጥቂቶቹ ቡናው ከተሰጣባቸው የሽቦ አልጋዎች መሀል ወጥተው መጡ። አንዷ ወይዘሮ ወገባቸውን ይዘው ጆንያዎቹን አዩና፣ “ቡናችሁን ለእኛ ነው ያመጣችሁት? እኛስ የራሳችን አልተለቀመልንም!” አሉ። ማንም አልሳቀላቸውም። ሌላዋ ውሃ በባልዲ ይዛ ወደ ጎማው ስትሮጥ አባ ቦራ፣ “ተዪ! ተዪ! የጋለ ብረት ይሰነጠቃል። ራሱ ይብረድ” አሏት።

“መሪ የያዘው ማን ነው?” አሉ ቀልደኛዋ ወይዘሮ።

“እሷ ናት” አልኩ ኢክራምን እያሳየሁ።

“ይቺ ልጅ? ማሻ አላህ። ቁልቁል ሲመጣ ድምፁን ሰምቼ ሻሂዬን ይዤ ነው የተነሣሁት፤ ከጆንያው ግን አንድ ፍሬ አልፈሰሰም። ጎሽ!”

ኢክራም ግን አልሰማቻቸውም። ከጋቢናው ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ እጇን ጭኗ መሀል ደብቃለች።

“ቁልፉን ወሰደው” አለችኝ። “አለቀ፣ ቲቸር። ሰኞ ሾፌሩ ይመጣል።”

“ኢክራም፣ አድነሽናል እኮ።”

“አባቴን ዝም በል አልኩት።” አለቀሰች። “‘ዝም በሉ’ ነው ያልኩት፤ ግን ያው ነው።”

አባ ቦራ ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጀርባቸው ለእኛ ነው። ሄድኩ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን በሦስት ነጥብ ከፍዬ ላስረዳቸው ተዘጋጅቼ ነበር።

“አባ ቦራ፣ አንደኛ፣ ክብደት ከቀመሩ ይጠፋል ያልኩት ሰበቃ በሌለበት ነው። ሁለተኛ...”

“ቲቸር” አሉ፤ አልተቆጡም። “ትንሽ ዝም እንበል። ልጅቷ ዝም በሉ ብላናለች።”

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሸለቆው ከታች አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፤ የገበያው ሰው አሁንም በድልድዩ ላይ ይጎርፋል። እሳቸው ራሳቸው ጀመሩ።

“አራት ዓመቷ ነበር” አሉ። “አንቺ የተቀመጥሽበት ቦታ ላይ ነው የምትቀመጠው። አፋፍ ላይ ስንደርስ ትንሽዋን እጇን ዘንጉ ላይ አስቀምጥና በእጄ እሸፍነዋለሁ። ‘ዜሮ!’ እላለሁ። አብረን እንነቅለዋለን። ትስቃለች። ሁልጊዜ። አጋሮ ስንመጣ፣ ሊሙ ስንሄድ፣ ሁልጊዜ።” እጃቸውን ገልብጠው አዩት። “የትምህርት ቤቱ ሰውዬ አንድ ክረምት አስተማራት። እኔ አሥራ አራት ዓመት። ማንን ትስማ?”

ሦስቱን ነጥብ ልቆጥር ያጠፍኳቸውን ጣቶቼን ፈታሁ።

ጎማዎቹ በእጅ እስኪነኩ ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። ከዚያ አባ ቦራ ተነሡ። መኪናውን ዞሩ፤ አራቱንም መቱ፤ አጎነበሱ። ኢክራም ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም። ከፊቷ ቆሙና ከኪሳቸው ቁልፉን አወጡ።

“ፍሬኑ ተመልሷል፤ ግን እስከ ቤት አናምነውም” አሉ። “በስንተኛ እንውረድ?”

ኢክራም ቀና አለች።

“በምን?”

“ሾፌሯ አንቺ ነሽ፤ እኔ ነኝ የምጠይቀው። በስንተኛ?”

“በአንደኛ። እስከ ድልድዩ በአንደኛ። ከዚያ ወዲያ ባለው ቁልቁለት ሁሉ በሁለተኛ።”

“ቶሌ፣ እሺ” አሉና ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀመጡት። ወደ እኔ ዞሩ። “ቲቸር፣ አንቺ በር ጋ። መሀል እኔ ልሁን። ማርሹ አጠገብ ቦርሳ የሌለው ሰው ይሻላል።”

ያን ረጅም ሰውዬ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደርሶ፣ መሀል ላይ ተጣጥፈው ሲቀመጡ የቡና ለቃሚዎቹ ሳቅ እስከ አስፋልቱ ተከተለን። ቀልደኛዋ ወይዘሮ፣ “ዳገቱ ክፍት ነው፤ ስታልፉ ግቡ!” ብለው ጮኹ።

ከአጋሮ ጅማ ያን ያህል ቀስ ብሎ የሄደ መኪና ያለ አይመስለኝም። በየቁልቁለቱ ከኋላችን ሚኒባስና ባጃጅ ተሰልፎ ክላክስ ይነፋል። አንድ የሚኒባስ ረዳት ሲያልፈን፣ “ቡናው እንቅልፍ ወስዶታል እንዴ?” ብሎ ጮኸ። በር ጋ ያለሁት እኔ ስለሆንኩ እጄን አውጥቼ እለፉ፣ እለፉ እያልኩ አሳልፋቸዋለሁ። ያን ቀን የሠራሁት የመጀመሪያ ጠቃሚ ሥራ ይህ ነበር። በየቁልቁለቱ ላይ የአባ ቦራ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ዱዓ ይሁን “ሱታ” አላውቅም፤ ድምፅ ግን አላወጡም።

እትዬ ዘሃራ ከበሩ ላይ ቆመው ነበር የጠበቁን። “ስልኩ እኔ ጋ፣ እናንተ የትም! ምን ሆናችሁ ነው እስከዚህ ሰዓት?”

አባ ቦራ ጉልበታቸውን እያሹ ወረዱ።

“ኢክራም እያስተማረችን ነበር” አሉ።

ሾፌሩ ሰኞ አልመጣም። በምትኩ ፒካፑ ሰኞ ጠዋት ጋራዥ ገባ፤ የአራቱም ጎማ ሸራ ተቀየረ። ኢክራም ያን ወራት ሙሉ ቡናውን አመላለሰች፤ በዓመቱ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ስትጀምርም ቅዳሜ ቅዳሜን አልተወችም።

እኔስ? ወረቀቶቹን ከጋቢናው ወለል ለቅሜ አርሜ መለስኩ። አንዱ ላይ የአባ ቦራ ጫማ ሙሉ ሶል ታትሟል፤ ተማሪው “ቲቸር፣ ይሄ ስንት ነጥብ ነው?” ብሎኝ ክፍሉ ሳቀ። ጥያቄ ቁጥር ስድስትን ደግሞ ሰሌዳ ላይ እንደገና ጻፍኩት። በሴኮንድ ሠላሳ አንድ ሜትር ከምናምን በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ አስሉ አልኳቸው። ከመቶ አሥር በላይ ነው። መቶ አሥር፣ ያውም ወደ ድልድይ! በተከታታይ ሁለት ዓመት ፈተና ላይ አውጥቼው፣ በቀይ ትክክል ብዬው፣ ይህ ቁጥር ምን እንደሆነ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም ነበር። አሁን ጥያቄው አንድ ቅጥያ አለው፦ “አንተ ብትነዳው ኖሮ በስንተኛ ማርሽ ትወርድ ነበር? ለምን?” በጣም የምወደው መልስ ከኋላ ወንበር የመጣው ነው፦ “በወጣሁበት፤ ምክንያቱም እናቴ ታች ገበያ ናት።” ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት።

ልጆቻችሁን መንዳት የምታስተምሩ አንባቢዎች፣ ምክር ልስጣችሁ ብዬ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ሰረዝኩት። ጠርሙሱን ከጎማው ሥር አስቀምጡ፤ ስልኩን ነጠላችሁ ላይ ቋጥሩ፤ እነዚህ ድንቅ ናቸው። ግን ልጃችሁ መሪ ከመጨበጡ ከብዙ ዓመት በፊት አጠገባችሁ ተቀምጦ እያያችሁ ነበር። ያ ትምህርት አልቋል፤ እናንተ መጀመሩንም አላወቃችሁም። ስለዚህ ሲሳሳት መጀመሪያ የራሳችሁን እጅ እዩ። አባ ቦራ እዚያ ድንጋይ ላይ ሆነው ያደረጉት ይህን ነው፤ እኔ እንደሳቸው ቶሎ ባላደርገውም ተምሬዋለሁ። ደግሞ ቁልቁለት ላይ አታስረዱ።

ባለፈው ወር አባ ቦራ ጉልበታቸው ስለተሻላቸው ራሳቸው ነዱ። እኔ በር ጋ፣ ኢክራም መሀል። የሸለቆው አፋፍ ላይ ስንደርስ “ወራጅ ነው” አለች፤ በመኪናችን ይህ ሲባል ወሬ ይቆማል፤ ዓረፍተ ነገሬን መሀል ላይ አቋረጥኩት። አባ ቦራ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ሆኖ፣ እጃቸው ብቻውን፣ እንደ ሠላሳ ዓመቱ ልማድ ዘንጉን ዜሮ ሊያደርግ ሲዘረጋ አየሁ። ኢክራም አየችው። እጇን አነሣችና የአባቷን እጅ ከላይ ሸፈነችው፤ አብረው ወደ ሁለተኛ ሳቡት።

አባ ቦራ ሳቁ። መኪናው ጓ ብሎ ራሱን ያዘና በቀስታ፣ በቀስታ ወረድን።